የካሜራችሁ ሚሞሪ ሲበላሽ፦ ፎርማት ከማለታችሁ በፊት

ባለፈው ክረምት አክስቴ በር ላይ የቆመች መኪና ሁለቱም ስፖኪዮዎቿ ተነቅለው አደሩ። በሩ አናት ላይ ካሜራ አለ። ቀን ከሌት ሰማያዊ መብራቱን እያበራ ነው የሚውለው። ጠዋት ሁላችንም ስልክ ላይ ተረባረብን። አፑ ሲከፈት ቀጥታ ምስሉ ጥርት ብሎ ይታያል። የሌሊቱን ለማየት ወደኋላ ስንመልስ ግን ባዶ። ከሥሩ አንድ መስመር ጽሑፍ አለ፤ ሚሞሪ ካርዱ ችግር አለበት፣ ፎርማት ይደረግ? ይላል። የአክስቴ ልጅ ጣቱ ፈጣን ነው። «እሺ» አለው። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። ካርዱ ዳነ፤ ሌሊቱ ግን አብሮ ተጠረገ።

ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ያመመው የካሜራ ሚሞሪ ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። ባለሙያ ሆኜ አይደለም፤ ካርድ ሪደር፣ ማለትም ካርዱን ኮምፒውተር ላይ የሚያስነብብ መሰኪያ፣ ያለኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው። ብዙ አድኛለሁ፣ ጥቂት የማይባልም ቀብሬያለሁ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚነካው ፎርማትን ነው። መጨረሻ ላይ መነካት የነበረበት ደግሞ እሱ ነው። ከዚህ በታች የጻፍኩት እኔ የምሄድበትን ቅደም ተከተል ነው። ለትናንሾቹ የዋይፋይ ካሜራዎች ይሆናል፤ አምፖል ሶኬት ላይ የሚጠመዘዙትንም ጨምሮ። ባለ ሃርድ ዲስኩ ዲቪአር፣ የብዙ ካሜራ መቅረጫ ሳጥኑ፣ የራሱ ጣጣ ስላለው እዚህ አልገባበትም።

ሕመሙ የቱ ነው?

«ሚሞሪው ተበላሸ» ሲባል ሁለት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል።

አንዱ የመዝገብ ችግር ነው። ካርዱን እንደ መጋዘን አስቡት። ቪዲዮዎቹ ዕቃዎቹ ናቸው። የትኛው ዕቃ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ የሚናገር መዝገብ ደግሞ በሩ ላይ ተቀምጧል። ካሜራው እየጻፈ ሳለ መብራት ድርግም ካለ መዝገቡ በከፊል ተጽፎ ይቀራል። ዕቃው መጋዘን ውስጥ አለ፤ የተምታታው መዝገቡ ነው። ይሄ ይድናል።

ሌላው እርጅና ነው። ካርዱ ውስጥ ያሉት ሴሎች እየተሰረዘ እየተጻፈባቸው የሚቆዩት የተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው። ስልክ ውስጥ ያለ ካርድ ፎቶና ዘፈን ይዞ ይቀመጣል። ካሜራ ውስጥ ያለው ግን ዕረፍት የለውም። እስቲ እናስላው። ካሜራችሁ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት የሚቀርጽ ከሆነ በሰዓት 900 ሜጋባይት፣ በቀን 21.6 ጊጋባይት ይጽፋል። 32 ጊጋ ካርድ አንድ ቀን ተኩል ሳይሞላው ይሞላና አሮጌውን እየደመሰሰ ላዩ ላይ ይጽፋል። በዓመት ከዳር እስከ ዳር 246 ጊዜ ያህል ተጻፈበት ማለት ነው። በዚያው ካሜራ 128 ጊጋ ብትከቱበት በዓመት የሚዞረው 62 ጊዜ ገደማ ነው። ያረጀ ካርድ አይድንም፤ ይለወጣል።

እንዴት ትለዩታላችሁ? ችግሩ የጀመረው መብራት ጠፍቶ በመጣ ማግሥት ከሆነ የመጀመሪያው ይመስለኛል። ፎርማት አድርጋችሁት ሳምንት ሠርቶ እንደገና ካኮረፈ ሁለተኛው ነው። ወይም ፎርጅድ ካርድ ወይም የገመድ ችግር ነው፤ ሁለቱንም ወደታች እመጣባቸዋለሁ።

አንድ ግራ የሚያጋባ ምልክት ደግሞ አለ። ፎርማት ታደርጋላችሁ፣ «ተሳክቷል» ይላል፣ ካርዱን አውጥታችሁ መልሳችሁ ስትሰኩት የድሮዎቹ ቪዲዮዎች እንዳሉ ናቸው። መጀመሪያ ያጋጠመኝ ጊዜ ጂኒ የገባበት ነበር የመሰለኝ። ሦስት ጊዜ አጠፋሁት፤ ሦስቴም የጥቅምቱ ዝናብ ተመልሶ መጣ። ነገሩ ወዲህ ነው። አንዳንድ ካርድ ዕድሜው ሲያልቅ መጻፍን ዘግቶ ማንበብን ብቻ ይፈቅዳል። ያለውን ቅዱና ጣሉት። ከእሱ ጋር ትግል አያስፈልግም።

መጀመሪያ ሰዓቱን አጣሩ

መሰላል ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር። ጠፋ የተባለው ቪዲዮ አንዳንዴ አልጠፋም። የእኛ ሰዓትና የካሜራው ሰዓት ስድስት ሰዓት ይለያያል። «ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ውሻው ጮኸ» ካላችሁ ካሜራው ውስጥ የምትፈልጉት 2:00 ላይ ነው። ቀኑም ያታልላል። «ማክሰኞ ሌሊት» የምንለው፣ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ካሜራው ውስጥ ረቡዕ ተብሎ ነው የተቀመጠው። ማክሰኞን ከፍተው ባዶ ነው ብለው ካርዱን ፎርማት ያደረጉ ሰዎች አውቃለሁ።

ሌላም አለ። ብዙ ርካሽ ካሜራ የራሱ ባትሪ የለውም፤ ሰዓቱን የሚያገኘው ከኢንተርኔት ነው። መብራት መጥቶ ዋይፋዩ ሳይመለስ ከቆየ ሰዓቱ ወደ 1970 ይመለሳል። ቪዲዮው ይቀረጻል፣ ግን ጥር 1 ቀን 1970 ተብሎ በፈረንጅ አቆጣጠር ይቀመጣል። አፑ ላይ የዛሬውን ቀን ብትፈልጉ አይገኝም። ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት ግን ፎልደሩ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ።

ካርዱን ማውጣት

ሰዓቱ ልክ ሆኖ ቪዲዮው ከሌለ ካሜራውን ከሶኬት ንቀሉት። አሁኑኑ። በበራ ቁጥር ይጽፋል፤ በጻፈ ቁጥር የምትፈልጉትን ሊደመስስ ይችላል። ሳታጠፉት ካርዱን መምዘዝም ሌላ ብልሽት ይጨምራል።

በሚሽከረከሩት ካሜራዎች ላይ የካርዱ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ከሌንሱ ሥር ተደብቆ ነው ያለው። ከመንቀላችሁ በፊት በአፑ ሌንሱን ወደ ላይ ብታቀኑት ቀዳዳው ይታያል። ጥፍራችሁን ካርዱ ጠርዝ ላይ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጉት። «ጠቅ» ሲል በቀስታ ልቀቁት፤ ራሱ ብቅ ይላል። ሌላውን እጃችሁን ከሥሩ ዘርጉ። ስፕሪንጉ ያስፈነጠረውን ካርድ ሣር ውስጥ በእጄ ስዳብስ ግማሽ ቀን ያለፈብኝ ጊዜ አለ። ካርዱ ከትንሽ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥ፣ ቀለሙም ጥቁር ነው።

ካርዱን ገልብጡትና ወርቃማዎቹን ጥርሶች እዩ። አቧራ ወይም አረንጓዴ ነገር ካለ ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል ለስላሳ ጨርቅ ጫፍ ላይ አድርጋችሁ ጥረጉት። ከዚያ በደንብ ይድረቅ። ሽቶም አረቄም አይሆንም፤ ሁለቱንም የሞከረ ሰው ስላለ ነው የምናገረው። ዝናብ የሚመታው ካሜራ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሕመሙ እዚሁ ላይ ያልቃል።

ኮምፒውተር ላይ

ካርዱን በአዳፕተር ውስጥ ከታችሁ ወይም በዩኤስቢ ካርድ ሪደር ላፕቶፕ ላይ ሰኩት። ትልቁ አዳፕተር ጎኑ ላይ ትንሽ ተንሸራታች ቁልፍ አለው። ወደታች ከወረደ ካርዱ ይቆለፋል፤ «መጻፍ አይቻልም» ይላችኋል። ለማንበብና ለመቅዳት እንዲያውም ተቆልፎ ቢቆይ ይሻላል። ለመጠገን ስትደርሱ ክፈቱት።

ካርዱ ጭራሽ ካልታየ ሌላ ሪደር ሞክሩ። ርካሽ ሪደሮች ከካርዱ ቀድመው ይሞታሉ። በሁለትና በሦስት ሪደር ካልታየ፣ ወይም ሲነካ የሚፋጅ ከሆነ፣ ካርዱ ሞቷል። ውስጡ ያለው በጣም ካስፈለጋችሁ በመሣሪያ የሚያወጣ ባለሙያ ጋ ነው የሚኬደው።

ከታየ ደግሞ ሁለት ነገር ይሆናል። ወይ ይከፈታል፣ ወይ ዊንዶውስ «ዲስኩን ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ አለብህ» የሚል ሳጥን ያወጣል። ሁለተኛው ከመጣ «ካንስል» በሉት። አትደንግጡ። መዝገቡን ማንበብ አልቻልኩም ማለቱ ነው እንጂ መጋዘኑ ባዶ ነው ማለቱ አይደለም። ደግሞ አንዳንድ ካሜራ ካርዱን ራሱ ብቻ በሚያውቀው አሠራር ነው የሚያዘጋጀው። ካርዱ ጤነኛ ሆኖ እንኳ ኮምፒውተሩ ላይ ባዕድ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ካርድ ማየት የሚቻለው ካሜራው ላይ መልሶ ወይም አምራቹ ባዘጋጀው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው።

ከተከፈተላችሁ ምንም ነገር ከማጫወታችሁ በፊት ሁሉንም ወደ ኮምፒውተሩ ቅዱ። ሁሉንም፤ የምትፈልጉትን ብቻ አይደለም። አንድ ፋይል ላይ ተደናቅፎ ከቆመ «ስኪፕ» ብላችሁ እለፉት። ከተቀዳ በኋላ ቪዲዮው በተራው ማጫወቻ ካልሠራ ቪኤልሲ በሚባለው ነፃ ማጫወቻ ሞክሩት።

ካልተከፈተ ወይም ተሰርዞ ከሆነ

እዚህ ላይ ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ግን የሚክሰው ክፍል ይሄ ነው።

መጀመሪያ የካርዱን ሙሉ ግልባጭ ውሰዱ። ዊን32 ዲስክ ኢሜጀር የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። የፋይል ስም ትሰጡታላችሁ፣ ኮምፒውተሩ ለካርዱ የሰጠውን ፊደል ትመርጣላችሁ፣ «ሪድ» የሚለውን ትነካላችሁ። «ራይት» የሚለውን እንዳትነኩ። እሱ በተቃራኒው ካርዱ ላይ ነው የሚጽፈው። የ32 ጊጋ ካርድ ግልባጭ 32 ጊጋ ስለሚሆን ላፕቶፑ ላይ ቦታ ይኑራችሁ። ይሄ ለምን ያስፈልጋል? የደከመ ካርድ በተነበበ ቁጥር ሊባስበት ይችላል። አንዴ አንብባችሁት ከዚያ በኋላ ግልባጩ ላይ እንደልባችሁ ትሠራላችሁ።

ከዚያ ፎቶሬክ የሚባለው ፕሮግራም ይመጣል። ስሙ ፎቶ ቢልም ቪዲዮም ያወጣል፤ ነፃ ነው። መልኩ ያስፈራል፤ ጥቁር መስኮት ላይ ነጭ ጽሑፍ ነው፣ በቀስት ቁልፎች ነው የምትሄዱበት። የሚሠራው ግን ግሩም ነው። መዝገቡን ጭራሽ አያየውም። መደርደሪያ በመደርደሪያ እየዞረ «ይሄ የቪዲዮ መጀመሪያ ይመስላል» እያለ ይለቅማል። ያወጣውን የት ላስቀምጥ ሲላችሁ የኮምፒውተሩን ፎልደር ስጡት፤ ካርዱን በፍጹም። የሚያወጣቸው ፋይሎች ስምና ቀን የላቸውም። በመጠን ደርድሯቸውና ትልልቆቹን አንድ በአንድ ክፈቱ። ደግነቱ ብዙ ካሜራ ቀኑንና ሰዓቱን ምስሉ ጥግ ላይ ይጽፋል፤ የምትፈልጉትን ሌሊት በዚያ ታገኙታላችሁ። ተቆራርጦ የተቀመጠ ቪዲዮ ግማሹ ብቻ ሊወጣ ይችላል። ካሜራው የሚቀርጸውን በራሱ ቁልፍ የሚቆልፍ ዓይነት ከሆነም አይሠራም።

አሁን ወደ አክስቴ ቤት ልመልሳችሁ። ፈጣን ፎርማት አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠፋው መዝገቡን ነው፤ ዕቃውን አይነካም። የአክስቴ ልጅ «እሺ» ባለባት ደቂቃ ካሜራውን ነቅለን ቢሆን ኖሮ በፎቶሬክ ሌሊቱን የምናወጣበት ሰፊ ዕድል ነበረን። እኛ ግን ተስተካከለ ብለን ቡና ጠጣን። እኔ በማግሥቱ ሲገባኝ 20 ምናምን ጊጋ አዲስ ቪዲዮ በ32ቱ ጊጋ ላይ ተጽፎበት ነበር። ያገኘሁት ፍየል የምትሻገርበትን አሥር ሴኮንድ ብቻ ነው። ስለዚህ በስሕተት ፎርማት ካደረጋችሁ ዋናው ነገር ፍጥነት ነው። ገመዱን ንቀሉ።

ጉዳዩ የፖሊስ ከሆነ ደግሞ እዚሁ ላይ ቁሙ። ግልባጩን ያዙ፣ ካርዱን ፖስታ ውስጥ አድርጉና ቀኑን ጻፉበት። መጠገንም ፎርማት ማድረግም አያስፈልግም። ለካሜራው ሌላ ካርድ ግዙ፤ ያኛው ማስረጃ ነው።

ጥገናው

የሚፈለገው ከወጣ በኋላ መዝገቡን ማቃናት ይቻላል። ዊንዶውስ ላይ ካርዱን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ቱልስ»፣ ከዚያ «ቼክ»። ማክ ያላችሁ «ዲስክ ዩቲሊቲ» ውስጥ «ፈርስት ኤይድ»። ደቂቃዎች ይፈጃል። እውነቱን ለመናገር ለካሜራ ካርድ ይህን ደረጃ ብዙ ጊዜ እዘለዋለሁ። ቪዲዮው በእጄ ከገባ ከመጠገን በንጹህ መጀመር ይሻላል። የተጠገነ መዝገብ ላይ ያልታወቁ ቁርጥራጮች ስማቸው ተለውጦ ይቀመጣሉ፤ አንዳንድ ካሜራ ደግሞ የማያውቀው ፋይል ሲያይ ይደናገራል።

ካርዱን ፈትኑት

ይሄን ሰው ሁሉ ይዘለዋል። አትዝለሉት። ካርዱ የሚታመነው ሙሉውን ተጽፎበት ሙሉው መልሶ ሲነበብ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ግን መጠኑ ያነሰ መስሏችሁ ነጋዴ እንዳትጣሉ። 64 ጊጋ የተባለ ካርድ ዊንዶውስ ላይ 59.6 ያህል ነው የሚያሳየው፤ 32ቱ 29.8፣ 128ቱ 119.2። አምራቹ በ1,000 ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1,024 ያካፍላል። ማንም አልሰረቃችሁም።

ፎርጅዱ የሚያታልለው ሌላ ዘዴ አለው። ውስጡ 8 ጊጋ ብቻ ያለውን ካርድ «128 ነኝ» እንዲል ያደርጉታል። ኮምፒውተሩም ካሜራውም ያምኑታል። 8ቱ እስኪሞላ ድረስ ሁሉ ሰላም ነው። ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ወይ የትም አይገባም ወይ የቀድሞው ላይ ይወጣል። የፋይል ስሞቹ በሙሉ ይታያሉ፤ ሲከፈቱ ግን ባዶ ናቸው። ለዚህ ነው ባለቤቱ «ካሜራው ነው ችግሩ» እያለ ዓመት የሚቆየው። 1 ቴራ ካርድ በምሳ ዋጋ ሲቀርብላችሁ ይህን አስታውሱ።

ለዊንዶውስ ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባል ትንሽ ነፃ ፕሮግራም አለ። ለማክና ለሊኑክስ ኤፍ3 ይሆናል። ካርዱን ባዶ አድርጋችሁ ፕሮግራሙን አስጀምሩት። ካርዱን እስከ አፉ ይሞላዋል፣ ከዚያ የጻፈውን መልሶ አንብቦ ያመሳክራል። ስንቱ ጊጋ ደህና እንደሆነ፣ ስንቱ እንደጠፋ ቁጭ አድርጎ ይነግራችኋል። ጊዜ ይወስዳል፤ 64 ጊጋ ካርድ በሴኮንድ 10 ሜጋባይት ቢጻፍበት መጻፉ ብቻ ወደ ሁለት ሰዓት ይጠጋል። ማታ ለቃችሁት ተኙ። አንድ ስሕተት እንኳ ካወጣ ካርዱ ለካሜራ አይሆንም። «ትንሽ ነው የተበላሸው» የሚባል ነገር የለም፤ ሌባው በየትኛው ሜጋባይት ላይ እንደሚመጣ አታውቁም።

ፎርማት፣ በተራው

አሁን ፎርማት። ከሁሉ የሚሻለው ካሜራው ራሱ ሲያደርገው ነው። ካሜራውን አጥፍታችሁ ካርዱን አስገቡ፣ አብሩት፣ በአፑ ሴቲንግ ውስጥ ስቶሬጅ ወይም ኤስዲ ካርድ የሚለውን ፈልጋችሁ ፎርማት በሉት። ራሱ የሚፈልገውን አሠራር ራሱ ያውቀዋል።

እምቢ ካለ ወደ ኮምፒውተር ተመለሱ። የኤስዲ ካርድን ደረጃ የሚያወጣው ኤስዲ አሶሲዬሽን ራሱ ያዘጋጀው ኤስዲ ካርድ ፎርማተር የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ከዊንዶውስ ተራ ፎርማት ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። እስከ 32 ጊጋ ያለውን በፋት32፣ 64 ጊጋና ከዚያ በላይ ያለውን በኤክስፋት ያዘጋጃል፤ ሁለቱም መዝገቡ የሚጻፍባቸው የተለያዩ አሠራሮች ናቸው። ችግር የሚመጣው እዚህ ነው። አንዳንድ የቆየ ካሜራ ከፋት32 ሌላ አያውቅም። 64 ጊጋ ካርድ በኤክስፋት ስትሰጡት «ካርድ የለም» ይላል። ዊንዶውስ ደግሞ በቀኝ ጠቅታው ከ32 ጊጋ በላይ ላለ ካርድ ፋት32ን ምርጫ ውስጥ ላያመጣው ይችላል። ያኔ ሩፈስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ትልቁንም ካርድ በፋት32 ያዘጋጅላችኋል። ከዚያ በፊት ግን የካሜራውን ካርቶን አገላብጡና ስንት ጊጋ ድረስ እንደሚችል እዩ።

መልሳችሁ ከገጠማችሁ በኋላ ሦስት ነገር አስተካክሉ። የሰዓት ዞኑ ጂኤምቲ ሲደመር 3 ይሁን። ቀረጻው ቀጣይ ይሁን ወይስ እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ፣ ምረጡ። ሁለተኛው ካርዱን ያሳርፋል፤ ግን ባንዲራ፣ ቅጠልና ድመት ሁሉ ያስነሳዋል፣ ቀስ ብሎ የሚንቀሳቀሰውን ሰው ደግሞ አንዳንዴ ያልፈዋል። እኔ ለውጭ በር ቀጣይ፣ ለሳሎን እንቅስቃሴ ነው የማደርገው። ከዚያ በካሜራው ፊት እለፉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ ራሳችሁን ፈልጉ። በመጨረሻ ሶኬቱን አንዴ ነቅላችሁ ሰኩትና ቀረጻው ሳትነኩት ራሱ መቀጠሉን አረጋግጡ። መብራት በጠፋ ቁጥር የሚሆነው እሱ ነውና።

ሌሊት ሌሊት የሚያመው ካርድ

አንድ ጎረቤቴ ሦስት ካርድ ለወጠ፤ ሦስቱም በየሁለት ሳምንቱ ይበላሻሉ። ካርዶቹን ፈተንኳቸው፣ ጤነኞች ናቸው። አንድ ማታ ሄጄ ካሜራው ሥር ቆምኩ። ሲመሽ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ወደ ማታ ምስል ሲቀየር ነው። ቀያዮቹ ትናንሽ መብራቶች ፈካ ሲሉ ካሜራው ጠፋ። ተነሳ። እንደገና ጠፋ። ነገሩ ገመዱ ነው። ቻርጀሩ ሳሎን፣ ካሜራው አጥሩ ላይ፤ መሃላቸው ረጅም ቀጭን የዩኤስቢ ገመድ። ቀን ላይ ኮረንቲው ይበቃዋል። ማታ የኢንፍራሬድ መብራቶቹ ሲጨመሩ 5 ቮልቱ መንገድ ላይ ያልቃል። እየጻፈ በጠፋ ቁጥር መዝገቡ ይቀደዳል። ቻርጀሩን በማራዘሚያ ወደ ካሜራው አቅርበን፣ ዝናብ በማይነካው ሳጥን ውስጥ ከተን፣ ገመዱን አሳጠርነው። አራተኛ ካርድ አልገዛም። ስለዚህ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት ቻርጀሩን እዩ። ካሜራው ላይ 5 ቮልት 2 አምፔር ከተጻፈ፣ የድሮ ስልክ ባለ 1 አምፔር ቻርጀር አትስጡት።

መብራት ለሚቆራረጥበት ሰፈር ለራውተር የሚሸጠው ሚኒ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ የሚተካው ትንሽ ባትሪ፣ ትልቅ ነገር ነው። ባለ 5 ቮልት መውጫ ያለውን ከመረጣችሁ ካሜራውንም አብሮ ይይዛል። ሰውም ቀጥታውን ማየት ይቀጥላል፣ ካርዱም በየመጥፋቱ አይመታም።

ካርድ ስትገዙ ስሙ ላይ «ኢንዱራንስ» የሚል ቃል ፈልጉ። ለማያቋርጥ ቀረጻ የተሠሩት እነሱ ናቸው። ሳንዲስክ ለ64 ጊጋ ሃይ ኢንዱራንሱ 5,000 ሰዓት፣ ለ128ቱ 10,000 ሰዓት ፉል ኤችዲ ቀረጻ ይላል። በቀን 24 ሰዓት ብታካፍሉት 208 ቀንና 416 ቀን ገደማ ነው። ስሌቱ ለከባድ ቀረጻ ስለሆነ የቤት ካሜራ ላይ ከዚያ በላይ ይሄዳል። ግን እጥፍ መጠን እጥፍ ዕድሜ መሆኑን ልብ በሉ። ለተራ ካርዶች ብዙ አምራቾች ዋስትናቸው ላይ ለደኅንነት ካሜራ አይሆንም ብለው በትንሽ ፊደል ይጽፋሉ።

ውጭ አገር ሆናችሁ የምታዩ

የብዙ እናቶች ካሜራ የሚታየው ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ነው። አፑ ልጆቹ ስልክ ላይ ነው፤ የማስጠንቀቂያው ቀይ ምልክትም እዚያ ነው የሚመጣው። «እማን ላላስቸግራት» ብሎ አንዱ ፎርማት ይላል። ይሄ ከእኛ የአክስት ልጅ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ቤት ያለው ሰው መጥፋቱን እንኳ አያውቅም። አፑ ውስጥ ካሜራውን ለሌሎች «ሼር» ማድረግ ይቻላል። ባለቤቱ አንድ ሰው ይሁን፣ ሌላው ማየት ብቻ ይፈቀድለት።

ስልክ ላይ ስትመሩም አታብዙ። ከዱባይ የምትደውለው የአክስቴ ልጅ እንዲህ ነው የምትለው፦

«እማዬ፣ ነጩን ቻርጀር ከግድግዳው ንቀዪው።»

«ሁለቱም ነጭ ናቸው።»

«የዋይፋዩ ከጠፋ መልሽው፤ ያኛው ነው።»

ከነቀለች በቃ። ካርዱን ማውጣት ለሚመጣ ሰው ይቆይ። ገመዱ ከተነቀለ ካርዱ ሳምንትም ቢቆይ ምንም አይሆንም።

አክስቴ አሁን 128 ጊጋ ባለ ኢንዱራንስ ካርድ አላት። የገባበትን ቀን ፕላስተር ላይ ጽፌ ቻርጀሩ ላይ ለጠፍኩላት። በየወሩ በ12፣ ከሚካኤል ስትመለስ፣ አፑን ከፍታ ጠዋት ከበር የወጣችበትን ሰዓት ትፈልጋለች። ባለፈው ወር ደወለችልኝ። «አንተ፣ ይሄ ካሜራህ ደግሞ ነጠላ ለብሼ እንኳ ያወፍረኛል» አለች።